ከግድግዳው ሥር ያለ አደራ
ለልጆቻችን ትምህርት እንዴት እንቆጥብ?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

 

የዛሬው ንግግራችን መነሻ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። እኚህ እህታችን ለረጅም ዓመታት የኖሩት ካዛንቺስ ነው። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ዕቁብ ይጥሉ ነበር። ሐሳባቸው ዕጣው ሲወጣላቸው የልጃቸውን የኮሌጅ ክፍያ ሊሸፍኑበት ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ግን የዕቁቡ አባላት ግማሹ ወደ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ወደ ሌላ ዳርቻ ተበተኑ። ዕቁቡም በዚያው ቀረ። "ከእንግዲህ ለልጄ የምቆጥበውን የት ላስቀምጠው? ባንክ ባስገባው ወለዱን እፈራለሁ፤ ቤት ባስቀምጠው እጄን አላምነውም" ይላሉ።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ቂርቆስም፣ መርካቶም፣ ኮልፌም ያለ ቤተሰብ የሚጠይቀው ነው።

ዓርብ ዓርብ ሱረቱል ከህፍን እንቀራለን። በውስጧ የነቢዩላህ ሙሳና የኸድር (ዐ.ሰ) ጉዞ አለ። በጉዟቸው መጨረሻ አንዲት ከተማ ገቡ። ምግብ ቢጠይቁ የከተማይቱ ሰዎች ሊያስተናግዷቸው እምቢ አሉ። እዚያው ሊወድቅ ያዘመመ ግድግዳ አገኙና ኸድር ያለ ምንም ዋጋ አቀኑት። ሙሳ በነገሩ ተገረሙ። ምክንያቱ የተነገራቸው በኋላ ነው። ግድግዳው የሁለት የቲም ልጆች ነበር፤ ከሥሩም የእነርሱ የሆነ ድልብ ገንዘብ ነበር። አባታቸው ደግ ሰው ነበሩ። ልጆቹ ለአካለ መጠን ደርሰው እስኪያወጡት ድረስ ገንዘቡ እንዲጠበቅላቸው አላህ (ሱ.ወ) ፈቀደ።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን አንድ ቁም ነገር እንያዝ። ልጆቹን የጠቀማቸው ገንዘቡ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው መቆሙም ነው። ግድግዳው ቀድሞ ቢወድቅ ኖሮ ገንዘቡ የአላፊ አግዳሚው ሲሳይ በሆነ ነበር። እኛም ብዙዎቻችን ለልጅ ብለን ገንዘብ እንይዛለን፤ ግድግዳ ግን አንሠራለትም። ዒድ ሲመጣ ከእርሱ እንወስዳለን፤ ሠርግ ሲመጣ ከእርሱ እንወስዳለን፤ በመጨረሻ የመመዝገቢያው ቀን ሲደርስ ብድር ፍለጋ እንወጣለን።

"ልጄ ጎበዝ ነው፤ መንግሥት ያስተምረዋል" ብሎ መተኛትም ዛሬ አያዋጣም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። የቀረው ልጅ መማር ከፈለገ ሌላ በር ማንኳኳት አለበት፤ ያ በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ክፍያ ይጠይቃል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱንም ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን ደንግጓል። አብዛኛው ተመራቂ ይህን ዕዳ ፈርሞ ይወጣና ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ስለ ሌላ ዘዴ ይነግሩናል። የሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1986 ሕግ አውጥቶ፣ ፍሎሪዳም ብዙ ሳይቆይ ተከትሎ፣ ወላጅ የልጁን የኮሌጅ ክፍያ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አስቀድሞ እንዲከፍል ፈቀዱ። ወላጁ በአንድ ጊዜ ወይም በየወሩ ይከፍላል፤ ልጁ ሲያድግ ክፍያው የቱንም ያህል ቢወደድ ውሉ ይሸፍናል። መልካም ግድግዳ ይመስላል። ነገር ግን የአላባማ ግዛት ይህንኑ ገንዘብ በአክሲዮን ገበያ አውሎት ነበርና እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያው ሲወድቅ ፈንዱ ተናጋ፤ አዲስ ተመዝጋቢ መቀበልም አቆመ። ወላጆች ከፍለው የጨረሱት ውል አጠራጣሪ ሆነ።

በአገራችን እንዲህ ያለ የመንግሥት ውል የተለመደ አይደለም። "የዛሬ አሥር ዓመት ለሚማረው ልጄ ዛሬ ልክፈል" ብሎ ለአንድ የግል ኮሌጅ ገንዘብ ማስረከብም ጥንቃቄ ይሻል። በቅርብ ዓመታት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማትን እንደገና ሲመዘግብ ፈቃዳቸውን ያጡ አሉ። ልጁ ምን እንደሚማር፣ ኮሌጁም በዚያን ጊዜ ይኑር አይኑር ባልታወቀበት የሚፈጸም ውል ሸሪዓችን የሚጠላው ገረር፣ ማለትም ድፍን ያለ ውል፣ እንዳይሆን ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ከማሌዥያ ነው። እዚያ ገበሬው ለሐጅ ብሎ መሬቱንና ከብቱን ይሸጥ፣ ሲመለስም ደኽይቶ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ የጀመረውና ዛሬ ታቡንግ ሐጂ የሚባለው ድርጅት ሰዉ ያለ ወለድ ጥቂት በጥቂት እንዲያጠራቅም አደረገ። ለሐጅ የሆነው ለትምህርት የማይሆንበት ምክንያት የለም።

በአገራችንም በሩ ተከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ ፈቀደ፤ ባንኮችም በመስኮት ጀመሩት። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለ። እዚህ ሁለት ዓይነት ሒሳብ መለየት ያስፈልጋል። ወዲዓ አደራ ነው፤ ያስቀመጡትን ያወጣሉ፣ ጭማሪ ቃል አይገባም። ሙዳረባ ግን ንግድ ነው፤ ትርፉ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል፣ ኪሳራ ቢመጣ ግን በገንዘቡ ባለቤት ላይ ነው። የቱን እንደሚከፍቱ ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

እንግዲህ ግድግዳውን እንዴት እናቁም?

አንደኛ፣ ገንዘቡ የልጁ መሆኑ ይታወቅ። በወላጅ ስም ያለ ገንዘብ ወላጅ ሲሞት ውርስ ሆኖ ለወራሾች ሁሉ ይከፋፈላል። ለልጁ በስጦታ ተሰጥቶ በስሙ ከተቀመጠ ግን የልጁ ነው፤ አባት ወይም እናት ጠባቂ ናቸው። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ሚዛን አለው። ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ አባታቸው ለእርሳቸው ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሊያደርጉ ሲመጡ፣ ነቢዩ ለሌሎቹም እንዲሁ ሰጥተው እንደሆነ ጠየቁ፤ አለመስጠታቸውን ሲሰሙ ለመመስከር ፈቃደኛ አልሆኑም። ለወንዱ ቆጥበን ሴቷን "ታገባለች" ብለን የምንተው፣ ይህን እናስብ።

ሁለተኛ፣ ዕቁብን አንተው፤ ግን ዕቁብ ማጠራቀሚያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ዕጣው የወጣ ዕለት ገንዘቡ ቤት ሳያድር ወደ ልጁ ሒሳብ ይሂድ። የጣላችሁት፣ የቀራችሁና ዋሶቻችሁ በወረቀት ይስፈሩ። ዕዳ እንዲጻፍ የታዘዘው በቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ ውስጥ ነው፤ ጎረቤት መሆን ጽሑፍን አያስቀርም። ሰፈር ሲፈርስ የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ብር እንደሚቀልጥ እንወቅ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በወር 500 ብር የሚያስቀምጥ ሰው በ18 ዓመት 108,000 ብር ይኖረዋል፤ ያ ብር ግን የዛሬውን ያህል አይገዛም። ስለዚህ መጠኑን በየዓመቱ ከፍ ማድረግ፣ ከፊሉን በሙዳረባ ወይም እንደ እናቶቻችን በወርቅ መያዝ ይበጃል። ወርቅ ግን በዱቤ አይገዛም፤ እጅ በእጅ ነው።

አራተኛ፣ ዘካውን አንርሳ። ገንዘቡ 85 ግራም ወርቅ የሚያወጣውን ያህል ደርሶ ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶ ይወጣበታል። በልጅ ገንዘብ ላይ ሻፊዒዮች ግዴታ ነው ሲሉ ሐነፊዮች አይደለም ይላሉ፤ የየአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

እህታችን ሆይ፣ ዕቁብዎ ፈርሷል፤ ልማድዎ ግን አልፈረሰም። ለዕቁብ ይጥሉት የነበረውን ያንኑ ገንዘብ በዚያው ቀን ለልጅዎ በስሟ ያስቀምጡ። ልጅዎም ትወቀው፤ ደብተሩን ያሳዩዋት። ለእርሷ የሚጠራቀም ገንዘብ እንዳለ የምታውቅ ልጅ ትምህርቷን በሌላ ዓይን ታያለች።

የእነዚያ የቲሞች አባት ግድግዳው ሲቀና አላዩም፤ ገንዘቡ ሲወጣም አልነበሩም። ደግነታቸው ግን ለልጆቻቸው ተረፈ። አላህ (ሱ.ወ) ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፤ ለልጆቻችን የያዝነውን ይጠብቅልን፤ ለዚያ የሚበቃ ደግነትም ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።