ኮምፒውተርን ከሰርቨር መዝገብ ስለ መሰረዝ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም በሰርቨር ሥር የሚተዳደር ክላየንት ኮምፒውተር ከኔትወርኩ በምን አኳኋን ሊወጣ እንደሚገባው ነው። ማስገባቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማስወጣቱን ግን እንደ ቁም ነገር የሚቈጥረው ጥቂት ሰው ነው።

በዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በሁለት ቦታ ይኖራል፤ አንዱ በጠረጴዛ ላይ የምናየው መሣሪያ፣ ሁለተኛው በሰርቨሩ መዝገብ የተጻፈው ስሙ ነው። መሣሪያው በእጃችን ካለ ነገሩ አያስቸግርም። የመሣሪያውን የራሱን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አስቀድመን እንፈትሻለን፤ ከዶሜይኑ ከወጣ በኋላ መግቢያችን እርሱ ነውና። ከዚያም «ኔትዶም ሪሙቭ» ወይም በፓወርሼል «ሪሙቭ ኮምፒውተር» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተን መሣሪያውን እንደ ገና እናስነሣለን። በዚህ ጊዜ ስሙ ከመዝገቡ አይሰረዝም፤ ይታገዳል እንጂ። መሰረዙ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ችግሩ የሚመጣው መሣሪያው በእጃችን በሌለ ጊዜ ነው። «ዲኤስ ኩዌሪ» የተባለው ትእዛዝ፣ ለምሳሌ 8 ሳምንት ወደ ዶሜይኑ ያልገቡትን ኮምፒውተሮች ይዘረዝርልናል፤ ዝርዝሩን «ዲኤስ አርኤም» ለተባለው ትእዛዝ ብናቀብለው ሁሉም በቅጽበት ይሰረዛሉ። ኮምፒውተሮቹ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሆኑ ይህ አሠራር ብዙ ላያስነቅፍ ይችላል። አገራችን ግን አንድ ሕንፃ አይደለችም።

አዲ አርቃይን እንውሰድ። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ በዛሪማ በኩል የሚደረስባት ከተማ ናት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳ ኔት ሲዘረጋ ለሩቆቹ ወረዳዎች የሳተላይት ግንኙነት ያስፈለገው እንዲህ ያለ መልክዓ ምድር ስላለን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት አዲ አርቃይ ደረሰ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ስፍራ ለወራት ቈየ። በእንዲህ ያለ ዘመን 8 ሳምንት ምን ያህል ጊዜ ነው? ትእዛዙ የዝምታውን ቀን ይቈጥራል እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም። የተዘረፈው፣ የተበላሸውና መስመር የተቋረጠበት ደኅናው ኮምፒውተር ለእርሱ አንድ ናቸው።

ልዩነቱ የሚታየው መስመሩ ሲመለስ ነው። ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር የሚተዋወቅበትን የይለፍ ቃል በተለመደው አሠራር በየ30 ቀኑ ይለውጣል፤ ለውጡን የሚጀምረው ግን ራሱ ስለሆነ፣ ተለይቶ በመቈየቱ ብቻ ቃሉ አይሽርም። ከስድስት ወር በኋላ ቢመለስም ስሙ በመዝገብ ካለ ሰርቨሩ ያውቀዋል። ከተሰረዘ ግን እንግዳ ነው፤ እንደ ገና ለማስገባትም ባለሙያ ሊማሊሞን መውረድ ሊኖርበት ነው። የተቈለፈ ዲስኩ መክፈቻ ቁልፍ በስሙ ሥር ተቀምጦ ከነበረም አብሮ ይሰረዛል።

ስለሆነም ሐሳቤ ይህ ነው። በመጀመሪያ «ዲኤስ ሞድ» በተባለው ትእዛዝ ስሙን ማገድ፤ የታገደ ስም አንድ ስልክ ሲደወልልን በአንድ መስመር ይመለሳልና። ቀጥሎ መሣሪያው የት እንዳለ የወረዳውን ባልደረባ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ። መሰረዝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። መዘረፉ የታወቀ መሣሪያ ግን ለአንዲት ሰዓት እንኳ ሳይታገድ መዋል የለበትም፤ የተገለገሉበት ሠራተኞች የይለፍ ቃልም በዚያው ቀን ይለወጥ።

በየመሥሪያ ቤታችን አንድ አሮጌ ወንበር ከመዝገብ የሚወጣው የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ ቃለ ጉባኤ ፈርሞ ነው። የአንድ ወረዳ ሥራ የተደገፈበት ኮምፒውተር ከወንበር ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም።