ልጁ የት ነበር?

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ ከተደረገ ንግግር)



ቡና እየፈላ፣ ዕጣን እየጨሰ ስለ ጭስ ልናገር መነሣቴ ትንሽ ያሳፍራል። ግድ የለም፣ ቡናውን አላስቀርባችሁም።

አዲስ ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ አመጣችልኝ። ሳል፣ ትኩሳት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። የሳንባ ምች ነው ብዬ መድኃኒት አዘዝኩ፤ ይሻለዋል፣ ይመለሳል። በሦስተኛው ጊዜ ደረቱን ላዳምጥ ስጠጋ ልብሱ ጭስ ጭስ ሸተተኝ። «እንጀራ ስትጋግሪ ልጁን ማን ይይዝልሻል?» አልኳት። «ማን አለኝ ብለው፣ ዶክተር፤ አዝዬው ነው እንጂ» አለችኝ። ከጭስ አርቂው አልኳት። የት እንደምታደርገው ግን አልነገርኳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧችን ልክ እንደ ካፖርት ገበር አለው። ከገበሩ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫሉ፤ ሌሎቹ ሲሊያ የሚባሉ ደቃቅ ጸጉሮች አሏቸው። ጸጉሮቹ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል እየተወዛወዙ አቧራውንና ጀርሙን ከነፈሳሹ ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። ጭስ ሲደጋገም ፈሳሹ ይበዛል፣ መጥረጊያው ይደክማል፣ ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዘው ስፌት ይላላል፤ ቧንቧው ተቆጥቶ ያብጣል። ያን ጊዜ ጀርሙ ሳይጠረግ ይቀራል።

በልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ትንፋሹን ያጥረዋል፤ ከክብደቱ አንጻርም ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። ሳንባው ገና እያደገ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ የሕፃናትን የሳንባ ምች አደጋ ወደ እጥፍ እንደሚያስጠጋው ይገልጻል። ዛሬ ከልጅ አፍንጫ በትንሽ ብሩሽ የተወሰዱ ሕዋሳትን ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሊያ እስኪያወጡ አሳድጎ፣ ልጁ ሳይነካ የጭሱን ጉዳት መመርመር ይቻላል።

ምድጃ መቀየር ብቻ ይበቃል ግን አልልም። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ የጋዝ ምድጃ ታድሎ ሲጠና ጭሱ ቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ውጤት ግን የጨቅላዎቹ ከባድ የሳንባ ምች በግልጽ አልቀነሰም። ምግቡ፣ ክትባቱ፣ የሰፈሩ አየር ሁሉ አብሮ ይቆጠራል።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ የበሽተኛ ታሪክ ሲቀበሉ «እሳት ሲነድ ልጁ የት ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አስተምሯቸው። ቤት የምትነድፉ፣ መብራት የምትዘረጉ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ጥያቄው መልስ የሚያገኘው በእናንተ እጅ ነው፤ በጭስ ማውጫ፣ በሰፊ መስኮት፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ።

ያቺን እናት ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሉ፣ ቡናው ደርሷል። በሩን ብቻ ከፈት አድርጉት።