ቃሉ እስኪመጣ መጠበቅ፦ ዌልስኛን በአዳሪነት ስለ መማር የቀረበ ዲስኩር



 በዚህ የወላጆችና የመምህራን ጉባኤ የምናገረው ስለ ዌልስኛ ነው፤ በተለይም ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ አዳሪ ሆኖ፣ ቀኑንም ማታውንም በቋንቋው እየኖረ ስለሚማርበት መንገድ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ስኖር ለብዙ ዓመታት ዌልስኛን በመንገድ ምልክት ላይ እንደተጻፈ ጌጥ አይቼ አልፈው ነበር። እንግሊዝኛው ከሥሩ አለ፤ ምን አስጨነቀኝ? ልጄ በዌልስኛ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ማታ የቤት ሥራዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስትታገል ልረዳት ጠጋ አልኩ። ደብተሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ በትሕትና፣ «ተዪው እማዬ፣ ይሄን አንቺ አታውቂውም» አለችኝ። ልክ ነበረች። በዚያው ወር ለአምስት ቀን የአዳሪ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ስለ ትምህርቱ ከመናገሬ በፊት ቋንቋው ምን እንዳሳለፈ ማወቅ ይገባናል። በ1536 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ እንግሊዝኛ አደረገ፤ ዌልስኛ ብቻ የሚናገር ሰውም በገዛ አገሩ ሹመት እንዳይዝ ከለከለ። በ1588 ዊልያም ሞርጋን መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ዌልስኛ ተርጉሞ ማሳተሙ ቋንቋውን ከመበታተን አዳነው። ሕዝቡ በየሳምንቱ ጥርት ያለ ዌልስኛ በቤተ ክርስቲያን ይሰማ ነበርና። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች ዌልስኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። እንጨቱን የሚያወልቀው ሌላ ልጅ ሲናገር ሲያዝ ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ አንገቱ ላይ የተገኘበት ይቀጣል። ልጅን በልጅ ማስያዝ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ያመመኝ ቅጣቱ አይደለም፤ ልጁ ቋንቋውን ለመሸሽ የጓደኛውን አፍ ሲጠብቅ መዋሉ ነው።

በ1911 ቆጠራ ከመቶ አርባ ሦስት ተኩል ያህሉ፣ ወደ 977 ሺህ ሕዝብ፣ ዌልስኛ ይናገር ነበር። በ2021 ይህ ቁጥር ወደ 538 ሺህ፣ ከመቶ ወደ 17.8 ወርዷል። በመካከሉ ግን አንድ ዲስኩር አለ። በየካቲት 1962 ሳንደርስ ሉዊስ የተባለው ደራሲ «የቋንቋው ዕጣ ፈንታ» በሚል ርእስ በራዲዮ ተናገረ። ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ ዌልስኛ በሕይወት ያለ ቋንቋ መሆኑ እንደሚያበቃ አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት የዌልስኛ ቋንቋ ማኅበር ተመሠረተ። ወጣቶች የመንገድ ምልክት እየቀቡና እየነቀሉ፣ እየታሰሩም፣ ዛሬ እኛ በግዴለሽነት የምናልፈውን ያን የሁለት ቋንቋ ምልክት አመጡ። እኔ ጌጥ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር እስር ቤት የተገባበት ነበር።

አሁን ወደ ተማርኩበት ሸለቆ ልውሰዳችሁ። በሰሜን ምዕራብ ዌልስ፣ ሊን በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ናንት ጉርቴይርን የሚባል ቦታ አለ። ከተራራው ጫፍ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ እስትንፋስ ያስይዛል። ሦስት ጎኑን ገደል፣ አራተኛውን ባሕር ይዘውታል። በ19ኛው መቶ ዘመን እዚያ የግራናይት ድንጋይ ካባ ተከፍቶ ነበር። የሚፈልጡት ድንጋይ፣ እኛ ኮብልስቶን የምንለው ዓይነት፣ በመርከብ እየተጫነ የሊቨርፑልንና የማንቸስተርን ጎዳናዎች አነጠፈ። ለሠራተኞቹ በሁለት ረድፍ ቤቶች ተሠሩላቸው፤ አንደኛው ረድፍ «ባሕር ማያ»፣ ሌላው «ተራራ ማያ» ይባላል። ጸሎት ቤት ነበራቸው፣ ሱቅም ነበራቸው። ካባው ሲዘጋ ሰዉ በየተራ ወጣ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሸለቆው ባዶ ቀረ። ጣሪያው ወደቀ፣ በር የነበረበት የፍየል መግቢያ ሆነ።

የአካባቢው አፈ ታሪክ ለዚህ ምክንያት አለው። በጥንት ጊዜ ሦስት መነኮሳት ሊሰብኩ መጥተው የሸለቆው ሰዎች በድንጋይ አባረሯቸው ይባላል። መነኮሳቱም ረገሙ፦ የተባረከ የመቃብር መሬት አይኑራችሁ፣ ወንድና ሴቶቻችሁ እርስ በርስ አይጋቡ፣ መንደራችሁም ይጥፋ። የመነኩሴ እርግማን ምን ያህል እንደሚከብድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መንገር አያስፈልግም። ዛሬ እዚያው ሸለቆ ሰው ሠርጉን ይደግሳል።

ይህን የለወጠው ሰው ሐኪም ነው። ዶክተር ካርል ክላውዝ የተወለደው እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ሲሆን፣ ዌልስኛንም የተማረው ካደገ በኋላ ነው። ከሸለቆው ብዙም በማትርቅ የገጠር መንደር በሐኪምነት ሲሠራ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ሲሰደድ፣ የመንደሩም ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል አየ። ዌልስኛ የሚሞተው ሰዋስዉ ስለከበደ ሳይሆን የሚናገሩት ሰዎች እንጀራ ፍለጋ ስለሚሄዱ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ላይ አሰበ፤ ፍርስራሹ መንደር ይጠገን፣ የቋንቋ ማስተማሪያ ይሁን፣ ለአካባቢውም ሰው ሥራ ይስጥ። በ1978 የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቁሞ መንደሩ በ25 ሺህ ፓውንድ ተገዛ። ገንዘቡ በመዋጮ ተሰበሰበ፣ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተጠገኑ፣ በ1982 የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ገቡ። ባሕር ማያና ተራራ ማያ ዛሬ የተማሪ ማደሪያ ናቸው።

ከተማ ውስጥ በሳምንት አንድ ማታ ሁለት ሰዓት የሚማር ሰው፣ ክፍሉን ለቆ እንደወጣ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። እንደገና እስኪገባ ስድስት ቀን ይረሳል። በሸለቆው ግን ትምህርቱ ሲያልቅ ቋንቋው አያልቅም። ለጀማሪዎች አስተማሪዋ ሲቸግር በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፤ እውነቱን ልናገር። ምሳ ላይ ግን ጨው የሚጠየቀው በዌልስኛ ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ተሰልፌ በሐሳቤ ዓረፍተ ነገሩን ስሰካካ ቆይቼ ተራዬ ሲደርስ «ጋ ኢ ፓናድ?» አልኩ። አንድ ስኒ ሻይ ላግኝ ማለቴ ነው። ስህተት ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ «ፓናድ» ተለውጦ «ባናድ» መሆን አለበት። አስተማሪዬ አጠገቤ ነበረች። «ተሳስተሻል» አላለችኝም። ስኒውን አንስታ በሁለት እጇ እየሰጠችኝ «ደማ ባናድ» አለች፤ «ስኒው ይኸው»። የታረመውን ቃል ከሻዩ ጋር አቀበለችኝ። ያን «ባ» እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህ የፊደል መለዋወጥ ተማሪን ሁሉ የሚያስለቅስ ነው። ራስ «ፔን» ነው። የአንተ ራስ ሲሆን «ቤን»፣ የእሷ ሲሆን «ፌን»፣ የእኔ ሲሆን «ምሄን»። መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገኘው ግን «ፔን» ብቻ ነው። ከእንግሊዝ የመጡት የክፍል ጓደኞቼ ቃል መጀመሪያው ላይ እንዴት ይለወጣል ብለው ግራ ገባቸው። እኔ ግን ለወንድ «ሂድ» ብዬ ለሴት «ሂጂ»፣ «ክፈት» ብዬ «ክፈቺ»፣ «ቁረጥ» ብዬ «ቁረጪ» እያልኩ ያደግሁ ነኝ። የእኛ ፊደል የሚቀልጠው መጨረሻው ላይ ነው፣ የእነሱ መጀመሪያው ላይ። እንግሊዞቹን ያስጨነቃቸው ሌላው ነገር ደግሞ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ «አዎ» አለመኖሩ ነው። የተጠየቀው ግስ ራሱ መልስ ሆኖ ይመለሳል። ለእኛ ይህ ምኑ ያስቸግራል? «ቡና አለ?» «አለ።» «ትመጣለህ?» «እመጣለሁ።» ለታላቅና ለማያውቁት ሰው «እርስዎ» እንደምንለው እነሱም «ኺ» ይላሉ፣ ለልጅና ለወዳጅ ደግሞ «ቲ»። አማርኛዬ ከእንግሊዝኛዬ ይልቅ ወደ ዌልስኛ የሚያደርስ አቋራጭ መንገድ ሆኖልኝ መገኘቱ፣ በሕይወቴ ካስደሰቱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ስንፍናዬም፣ የአንደበቴም ማነስ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ዌልስኛ የሚማር ሰው ሁሉ የሚነግራችሁ ትልቁ እንቅፋት የተናጋሪው ደግነት ነው። ሱቅ ትገባላችሁ፣ በዌልስኛ ትጀምራላችሁ፣ ሦስተኛው ቃል ላይ ትደናቀፋላችሁ። ባለሱቁ ያዝንላችሁና ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። እንዳትሸማቀቁ ብሎ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ያን ጊዜ በሩ ይዘጋል። ሁለተኛ ሲሆን መጀመር ትፈራላችሁ፤ ሦስተኛ ሲሆን ትተዉታላችሁ። የአዳሪ ትምህርቱ ዋና ሀብት፣ እንደ እኔ እምነት፣ ይህን ደግነት ለአምስት ቀን መከልከሉ ነው። ሰው ተንተባትቦ እስኪጨርስ የሚጠበቅበት ቦታ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ሥር ከወዴት እንደሆነ ስሰማ ተገርሜ ነበር። በ1970ዎቹ ዌልሶች ለአዋቂዎች የተጠናከረ ትምህርት ሲጀምሩ ዘዴውን የወሰዱት ከእስራኤል ነው፤ ስሙንም እንዳለ ወስደው «ኡልፓን» አሉት። እስራኤል ዘመድ ያላችሁ ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ኡልፓን የተከፈተው በ1949 ኢየሩሳሌም ነው። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል የሄዱት፣ በ1991 ደግሞ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተወሰዱት ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ዕብራይስጥ የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። መሣሪያው አንድ፣ አቅጣጫው ግን የተለያየ መሆኑን አስተውሉልኝ። እስራኤል ውስጥ ኡልፓን አዲስ መጤውን ወደ መንግሥቱ ብርቱ ቋንቋ አስገባው፤ ሥራና ትምህርት አስገኘለት። በአንጻሩ ብዙ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት አማርኛና ትግርኛ ከቤት ሲሸሽ አዩ። ዌልስ ውስጥ ግን ያው መሣሪያ ብርቱውን እንግሊዝኛ የያዘውን ሰው ወደ ደካማው ቋንቋ ይጠራበታል። የዌልስ መንግሥት በ2050 የተናጋሪውን ቁጥር አንድ ሚሊዮን አደርሳለሁ ብሎ በ2017 ዐቅዷል። ይህ ቁጥር ቢሳካም ባይሳካም፣ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ወዶ ዌልስኛ ካልተማረ አይታሰብም።

እኛስ? አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ ራሳችንን ቶሎ ብለን ከተበደለው ጋር እንዳናስቀምጥ እለምናለሁ። በአገራችን ብርቱው ቋንቋ አማርኛ ሆኖ፣ በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታ ልጅ በክፍል ውስጥ ያፈረበት ጊዜ ነበር። አሁን በስደት ተራው ደርሶን የእኛ ልጆች በእኛ ቋንቋ ያፍራሉ። ሁለቱንም ማወቅ አለብን።

ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ይቆጥራሉ፤ መምህራኑ በነጻ የሚደክሙት ድካም ትልቅ ነው። ቤት ሲገቡ ግን ምን እናደርጋለን? ልጄ በአማርኛ ልትነግረኝ ጀምራ ቃል ሲጠፋት፣ አዝኜላት፣ «ኢት ኢዝ ኦኬ፣ በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» ስል የኖርኩ እናት ነኝ። የባለሱቁ ደግነት የእኔም ነበር። ከሸለቆው ከተመለስኩ ወዲህ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ጊዜ ወጡ እስኪያር እጠብቃለሁ። ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብም ይኸው ነው፤ በሚመጣው የበጋ ዕረፍት ልጆቻችንን ለአምስት ቀን አንድ ቤት እንሰብስብ፣ እንጀራው በአማርኛ ይቆረስ፣ ጨዋታው በአማርኛ ይሁን፣ መሳሳት አይከልከል። አያቶች ይምጡ፤ የመጠበቅን ትዕግሥት ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁበታል።

ከመድረኩ ከመውረዴ በፊት የመጨረሻውን ማታ ልንገራችሁ። ያንን ቁልቁለት ሽቅብ ወጥተን፣ ከላይ ባለችው መንደር ነዋሪው ራሱ በጋራ ወደሚያስተዳድረው መጠጥ ቤት ሄድን። አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ጀመርኩና መሐል ላይ ቃል ጠፋኝ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ እንደሚሻል አውቃለሁ። ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ዝም ብለው ጠበቁኝ። መጣልኝ፤ ጨረስኩት። ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ፣ አሁንም በዌልስኛ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ ልጆች አሉዎት ወይ? ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም። አፌ በአማርኛው ልማድ «አሉኝ» ሊል ሲል፣ ግሱ ራሱ ተመልሶ ወጣ።

«ኦይስ» አልኳቸው።