ሙቀት ከየት ይመጣል? ከስቶክሆልም ወደ ልደታ

(በልደታ ግቢ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጋበዝሁት በስዊድን ስላሳለፍኋቸው ሰባት ዓመታት ነው። ርእሱ ለዚህ ተቋም ባዕድ አይደለም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ነበር። ያን ጊዜ የብርድ አገር መሐንዲሶች ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ፤ እኔ ደግሞ እዚህ የተማርሁትን ይዤ ወደ እነርሱ ሄድሁ። ስለዚህ የማወሳው ናፍቆትን ሳይሆን ሙቀትን ነው፤ ሙቀት ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚሠራው።

አስቀድሜ ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር በፀሐይ ታማኝነት ላይ የቆመ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ንጋት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ስቶክሆልም ግን 59 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ለ3 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት ወጥታ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ትጠልቃለች። በዚያ አገር «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ድቅድቅ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ሰው ከአገሩ ሲወጣ ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ቀንና ሌሊትን የሚለይበት ልኬት ጭምር እንግዳ ይሆንበታል።

ወደ ብርዱ ልምጣ። በአማርኛ ብርድ «ይመታል»፤ «ይገባል»። ሰውን ለብቻው አግኝቶ የሚያጠቃ ባላጋራ ነው፤ መከላከያውም የግል ነው፦ ጋቢ መደረብ፣ መስኮት መዝጋት፣ ከሰል ማያያዝ። በስዊድን ግን ብርድ የጋራ ጉዳይ ነው። በከተሞቹ ውስጥ አንድ ማመንጫ ውኃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውኃ ከመሬት በታች በተዘረጋ ቧንቧ ወደየሕንፃው ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የሕንፃ ደንቡ ስለ ግድግዳና ስለ መስኮት ሙቀት አያያዝ እጅግ ጥብቅ ሆነ። ሦስት ድርብ መስተዋት ያለው መስኮት በዚያ እንደ ቅንጦት አይታይም። በመሆኑም በሕይወቴ እጅግ የበረደኝ ቦታ ስቶክሆልም አይደለም፤ እዚሁ ልደታ፣ በሐምሌ ሌሊት፣ ከቤት ውስጥ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች የአገራችንን ፀሐይ ስናወድስ ሌሊቱን እንረሳዋለን።

ይሁን እንጂ ያ የሞቀ ቤት ሌላ ብርድ ነበረው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ገደማ መኖሪያ ቤቶችን ሠራች። እኔም የኖርሁት በዚያ ዘመን ከተገነቡት የስቶክሆልም ዳርቻ ሠፈሮች በአንዱ፣ በቴንስታ ነበር። ቤቱ በጥር ወር ያለ ሹራብ ያስቀምጣል፤ ደረጃው ግን ጸጥ ያለ ነው። ጎረቤቶቼን የማገኘው ተራ በምንይዝበት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። እነዚያ ሠፈሮች ገና ተሠርተው ሳያልቁ ጀምሮ ሲተቹ ኖረዋል፤ የቤት ቁጥርን ጥያቄ መለሱ፣ የሙቀትን ጥያቄ መለሱ፣ ሰው ከሰው የት ይገናኝ የሚለውን ግን ለነዋሪው ተዉለት። እኛ አበሾችም ግንቦት ልደታን ለማክበር ከምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራይተን ንፍሯችንን እንቀቅል ነበር።

ግንቦት ልደታን ያነሣሁት ሆን ብዬ ነው። በዓሉ በባሕርዩ የደጅ በዓል ነው፤ ጎረቤት ያለውን አዋጥቶ በአንድነት ይቀምሳል። በዚሁ በልደታ የቀድሞዎቹ የቀበሌ ቤቶች ክፍላቸው ጠባብ፣ ጣራቸው የሚያፈስ፣ ሌሊታቸው ብርድ ነበር፤ የጋራ ግቢያቸው ግን ሞቃት ነበር። የሕፃን ጠባቂው፣ የዕድሩ ድንኳን፣ የቡናው ጥሪ ሁሉ የሚያድረው በዚያ ግቢ ነው። ቤቶቹ ፈርሰው በምትካቸው ኮንዶሚኒየም ሲቆም ነዋሪው መጸዳጃና ወጥ ቤት አገኘ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ግድግዳው ስስ ብሎኬት በሆነበት ቤት ሌሊቱ እንደ ቀድሞው ይበርዳል፤ ግቢው ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ሲሆን ይታያል። ከሁለቱም ወገን ብርዱን ብቻ እንዳንወርስ እሰጋለሁ።

አደጋው የስሜት ብቻ አይደለም። የጭቃ ቤት በየስንጥቁ ይተነፍሳል። ጥሩ መስኮት የተገጠመለት አፓርታማ ግን አይተነፍስም፤ በውስጡ ከሰል ተያይዞ ቢታደር ጭሱ ይገድላል። እንግዲህ ቤትን መድፈንና ቤትን ማሞቅ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ ሰው ይጎዳል።

ተማሪዎች ሆይ፤ የስዊድንን ቧንቧ ቅዱ አልላችሁም፤ አያስፈልገንምም። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ እጅግ በሚበርድበት ወቅት፣ የቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ትሄዳለች። ወደ ደቡብ የዞረ መስኮትና ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ግድግዳ ያለ አንዳች ነዳጅ ክፍልን ያሞቃሉ። አንዱን ንድፍ ወደየአቅጣጫው እያዞርን ስንደግም ግን ይህን ነፃ ስጦታ እንጥለዋለን።

ስለዚህ በምትነድፉት ሕንፃ ፊት ሁለት ጥያቄዎችን አቅርቡ። በኅዳር ሌሊት በዚህ ክፍል የምትተኛ አሮጊት ያለ ከሰል ይሞቃታልን? ግንቦት 1 ቀን ጎረቤቶች ንፍሮውን የሚያቀርቡት የት ነው? ሰባቱ ዓመታት ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር አንዱን መልስ አግኝቶ ሌላውን መተው እንደሚቻል፣ ዋጋውንም ነዋሪው ለብዙ ዘመን እንደሚከፍል ነው። ሙቀት የአየር ጠባይም የሕዝብ ጠባይም ብቻ አይደለም፤ ታስቦበት የሚሠራ ነገር ነው። ሠሪዎቹም እናንተ ናችሁ።