ስኳር የጎዳው ፕሮቲን እንዴት ይለካል?



በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ ዙሪያ የሚደልበው የጅሩ ሰንጋ በሥጋው ዝናን ያተረፈ ቢሆንም፣ በሬ ሲያረጅ ጅማቱ ስለምን እንደሚጠነክር ለሚጠይቅ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በደሙ የሚዘዋወረው ስኳር ነው። ስኳሩ ኮላጅን ከተባለው፣ በአካል ውስጥ ረጅም ዕድሜ ካለው ፕሮቲን ጋር ያለ ኢንዛይም ረዳትነት ቀስ በቀስ ይዋሐዳል፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጠው ይህ ምሥጢር፣ ጥብስን በምድጃ ላይ የሚያጠይመው ያው ኬሚካዊ ግብር ነው።

ይህ ውሕደት በፕሮቲኑ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለመለካት የሚሻ ባለሙያ ጅማቱን ፈጭቶ፣ ስቡን አስወግዶ፣ በብርቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 24 ሰዓት ያህል ካፈላ በኋላ፣ የተፈቱትን አሚኖ አሲዶች በክሮማቶግራፊ ለያይቶ በማስ ስፔክትሮሜትር እየመዘነ፣ ከጉዳቱ የተገኘውንና ካርቦክሲሜቲል ላይሲን የተባለውን ውሑድ ጉዳት ካላገኘው፣ ላይሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ያነጻጽራል። ፔንቶሲዲን የተባለው ሌላው ውሑድ ግን አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ስለሚፈካ፣ በፍካቱ መጠን ይታወቃል።

ሆኖም አሲዱና ሙቀቱ ገና ያልረጋውን የስኳርና የላይሲን ውሑድ ወደ ካርቦክሲሜቲል ላይሲን ሊለውጡት ስለሚችሉ፣ ናሙናውን አስቀድሞ ቦሮሃይድራይድ በተባለ ኬሚካል ማርጋት ግድ ነው፤ ያለዚያ ቤተ ሙከራው የራሱን ጥፋት በበሬው ያሳብባል።