ልጅ በስንት ዓመቱ ትምህርት ይጀምር?



በአገራችን የአንደኛ ክፍል መግቢያ 7 ዓመት ነው። ዕድሜ በ«ጉ» ዝናብ የምትቆጥሩ፣ ልጁ ሰባት ጉ ሲሞላው አታቆዩት። ከዚያ በፊት መዋዕለ ሕፃናት ካለ ይግባ፤ እየተጫወተ ማዳመጥን ይለምዳል። ቁርኣን ቤት ውሎ በእንጨት ሰሌዳ የጻፈም ልጅ መንገዱን ጀምሯል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ስለፈቀደ፣ የሶማሌ ልጅ በሶማልኛ ይጀምራል፤ ትምህርቱ እንግዳ አይሆንበትም።

«ፍየሎቹን ማን ይጠብቅ? ውኃውንስ ማን ይቅዳ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ችግሩ አለ። ነገር ግን ልጅቷ በ10 ዓመቷ ብትገባ፣ ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ ያሳፍራትና ትተወዋለች። እንግዲህ ጥበቃውን ከጎረቤት ጋር በተራ እናድርገው፤ የልጅቷ የትምህርት ተራ ግን አይለፍ።