ስልኳ ላይ የገባው ብር ሁሉ የእሷ አይደለም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል መድረክ ላይ ሲወጣ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስም ሊጠራ ነው ብላችሁ እንደምትሰጉ እናውቃለን። ዛሬ ስም አንጠራም። የምንናገረው እኛ ራሳችን ስለ ሠራነው ስህተት ነው።

ከአባሎቻችን አንዷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ሠርታ ሥራዋን አጣች። ሥራ ላጡ አባላት ከምንሰጠው ድጋፍ ለሦስት ወር በየወሩ 1,000 ብር ተፈቀደላት። የመጀመሪያውን ወሰደች። ሁለተኛው ከመድረሱ በፊት አንዲት የኮሚቴያችን አባል በቴሌግራም የልጆች ልብስ የምትሸጥበትን ቻናል አየች። ፎቶው ያምራል፣ ተከታዩ ብዙ ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ «ይህቺማ ገቢ አላት» አለና ድጋፉን አቆመ። እሷን አልጠየቅናትም። ቃለ ጉባኤው ላይ የሁላችንም ፊርማ አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሮ መጣች። «ቻናሉን ዘግቼዋለሁ፤ አሁን ትመልሱልኛላችሁ?» አለችን። ሴቶች የራሳቸው ገቢ እንዲኖራቸው ብሎ የተቋቋመ ማኅበር የአባሉን ሥራ አዘጋ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብለን ሒሳቧን የሠራነው። በዚያ ወር በቴሌብር የገባላት 4,200 ብር ነው። ስልኳን ላየ ሰው የሚታየው ይኸው ነው። ጨርቅና ክር 2,300 ብር ወጥቷል። ከአቶቴ እስከ ታቦር ዕቃ ለማድረስ ለባጃጅ 640፣ ለኢንተርኔት ጥቅል 200፣ ለመጠቅለያ 60 ብር። ልብሱን ተቀብላ «ማታ እልክልሻለሁ» ብላ የጠፋች ደንበኛም አለች፤ 250 ብር። ሲደመር 3,450 ይሆናል። የተረፋት 750 ብር ነው። ማሽኑ ደግሞ የጎረቤት ነው፤ ኪራይ ቢታሰብበት ኖሮ ከዚህም ይቀንስ ነበር።

እኛ 750 ብር አገኘች ብለን 1,000 ብር ከለከልናት። ምንም ሳትሠራ እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ኖሮ 250 ብር ትጠቀም ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ ይዘን «ሥራ ፍጠሪ» ብንላት ማን ይሰማናል?

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁንን እንመልስ። በአገራችን መንግሥት ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍለው የሥራ አጥነት መድን የለም። ስለዚህ «ስልክ ላይ ትንሽ ከሸጥኩ መንግሥት ይቆርጥብኛል ወይ» ለሚለው፣ የሚቆረጥ ወርሃዊ ክፍያ የለም። ያለው ሌላ ነው። አንዱ የከተማ ሴፍቲኔት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳችን አንዷ ነበረች። በአካባቢ ልማት የሚሠሩት ከሚከፈላቸው 20 በመቶ ይቆጥባሉ፤ በመጨረሻም ለራሳቸው ሥራ መነሻ ገንዘብ ያገኛሉ። የታሰበው ሰው ራሱን እንዲችል ስለሆነ ሥራ መጀመር ነውር አይደለም። ሲጠይቋችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ ግን የሽያጩን ሳይሆን የተረፈውን።

ሁለተኛውና ብዙዎቻችንን የሚመለከተው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርካችን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለ መቀጠር እንጂ ስለ መሰናበት ማን ያስብ ነበር? አገራችን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ስትወጣ ግን ስንብትን ከደጃችን አየነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ተዘግቶ ወይም ሠራተኛ ቀንሶ ላሰናበታት ሴት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰብላታል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይለወጣል።

የዚህችን እህታችንን እንውሰድ። ደመወዟ 1,800 ብር ነበር። ለመጀመሪያው ዓመት 1,800፤ ለቀሩት ሦስት ዓመታት በ600 ሲባዛ ሌላ 1,800፤ የ60 ቀኑ 3,600። በድምሩ ግብር ሳይቀነስ 7,200 ብር ይደርሳት ነበር። አልደረሳትም። ሠራተኛ በሚቀነስበት ሰሞን አለቃዋ ጠርቷት «አንቺ እኮ በቴሌግራም ትሸጫለሽ፣ ሌላ ገቢ አለሽ፤ በፈቃድሽ ብትለቂ ለሁላችንም ይቀላል» አላትና ወረቀት ሰጣት። እሷም ሰው ማስቸገር የማትወድ ናት፤ ፈረመች። በራሷ ፈቃድ ለቀቀች የተባለች የአራት ዓመት ሠራተኛ ደግሞ ይህን ክፍያ አታገኝም። በወር 750 ብር እያተረፈች 7,200 ብር ለመሙላት አሥር ወር ገደማ ይፈጅባታል።

እህቶቻችን፣ የስንብት ክፍያ የሚታሰበው በሠራሽው ዘመንና በደመወዝሽ ነው። ማታ ማታ ቤትሽ ምን እንደምትሸጪ የሚጠይቅ አንቀጽ የለውም። ስለዚህ «በራሴ ፈቃድ» የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ ሳትፈርሙ ወደ ቤት ይዛችሁ ኑ፤ እኛም እናንብበው። ክፍያው ውል በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ካልተሰጠም አትዘግዩ፤ ከሥራ መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። ያቺ እህታችን ወደ እኛ ስትመጣ ስድስቱ ወር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። አሁን ጉዳይዋ ተይዟል፤ «ፈርመሻል» የሚለው ግን ትልቅ እንቅፋት ሆኖባታል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አንለፍ፣ ከሒሳብ ሥራ ቢወጣም። በኛ አገር የሥራ አጥ መድኑ ዘመድ ነው። ወንድም የቤት ኪራይ ያግዛል፣ እናት ከገጠር ቆጮ ትልካለች፣ ባል የአስቤዛ ያወጣል። ታዲያ የቴሌብሩ መልእክት «ጢን» ባለ ቁጥር አጠገብ ያለው ሰው ሰምቶ እጁን ይሰበስባል። የ600 ብር ሽያጭ ገብቶ፣ 500ው የጨርቅ ዕዳ ሆኖ ሳለ «አሁንማ ሠራተኛ ነሽ» ተብላ ሽሮ መግዣ የተከለከለች ስንት አለች! ከሕግ ይልቅ የሚፈጥነው ይህ ቅነሳ ነው። ደብተር ያዙ የምንለው ለገቢዎች ብቻ ብለን አይደለም፤ ለቤታችሁ ሰውም የምታሳዩት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል። በጀርመን የሥራ አጥ ክፍያ የሚወስድ ሰው በሳምንት ከ15 ሰዓት በታች እስከሠራ ድረስ ክፍያው አይቋረጥበትም። ከዚያ ሥራ ከሚያገኘው የተጣራ ገቢ በወር 165 ዩሮ አይነካበትም፤ የሚቀነሰው ከዚያ በላይ ያለው ነው። ልብ በሉ፣ የተጣራው ነው። ልኩም አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሰው ሥራውን የሚደብቅበት ምክንያት አነስተኛ ነው።

እኛም ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተቀዳ ነው። ድጋፍ የምትወስድ አባል ወጪዋ ተቀንሶ የሚተርፋት እስከ 1,000 ብር ድረስ ከድጋፏ ምንም አይነካባት። ከዚያ በላይ ከሆነ የትርፉ ግማሽ ብቻ ከድጋፏ ይቀነስ። አንዳንድ የኮሚቴ አባላት ተቃውመውታል፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ሣጥናችን ትንሽ ናት፣ ስልክ እንኳ የሌላቸው እህቶች ተራ እየጠበቁ ነው፣ ለእነዚያ ይቅደም ይላሉ። መልሳችን፣ የሌላት ትቅደም፣ እንስማማለን፤ ግን አንዴ ድጋፍ የፈቀድንላትን ሴት ስለሠራች አንቅጣት ነው። ደጋፊዎቻችንም «ሌላ ገቢ አላት?» የሚለውን የቅጻችሁን ጥያቄ «ወጪዋ ተቀንሶ ስንት ይተርፋታል?» በሚል እንድትለውጡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ለእህታችን የተቋረጠው የሁለት ወር ድጋፍ ተመልሶላታል፣ ይቅርታም ጠይቀናታል። ቻናሏን እንደገና ከፍታለች፤ ከተከታዮቿ ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ሐሳቡ ከሻይ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። የወጪና ገቢ መመዝገቢያ ቅጹ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ይገኛል፤ አሞላሉን የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት የቴሌብር መልእክታችሁን ሳታጠፉ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ።